የዱላል ሚስት ስንት ወሯ ነው?

ዱላል ሚስት እንደሌለው ቤልታላ በሙሉ ያውቃል። የማታውቀው ኮሂኑር ብቻ ነበረች።

ኮሂኑር የጤና ሠራተኛ ናት። ላይኛው ቤልታላ፣ መስጊዱ አጠገብ ወዳለው የእናቶችና የሕፃናት ክሊኒክ ተዛውራ የመጣችው ክረምቱ ሲገባ ነበር። ገና የሰፈሩን መተላለፊያዎች እንኳ ለይታ አልጨረሰችም። ዱላል ደግሞ የታችኛው ቤልታላ ሰው ነው፤ ቤቶቹ በቀርከሃ እግር ሐይቁ ላይ የቆሙበት ዳርቻ ተወልዶ ያደገ ጀልባ ቀዛፊ። ጠዋት የእኛን ሴቶች ለቤት ሥራ፣ ወንዶቻችንን ለዘበኝነት ወደ ማዶ፣ ወደ ሀብታሞቹ ሰፈር ያሻግራል፤ ማታ ይመልሳል። ዳካ ውስጥ ድሃና ሀብታም የሚገናኙት በእሱ መቅዘፊያ ነው ብሎ መኩራራት ይወዳል።

ነገሩ የተጀመረው እህቱ ፓኺ የመጀመሪያ ልጇን በወጉ መሠረት እናቷ ቤት ልትወልድ የመጣች ጊዜ ነው። ባሏ ዓረብ አገር ሕንፃ ይሠራል። እናቷ ማይሙና ናት። ይህን ስም ቤልታላ ውስጥ ባዶውን የሚጠራ የለም፤ ትልቁም ትንሹም «ማይሙና ኻላ» ይላታል፣ አክስቴ ማለቱ ነው። ሰፈሩ ውስጥ በሁለት እግሩ ከሚሄደው ሰው ግማሹን በእጇ የተቀበለች አዋላጅ ናት። ክሊኒኩ የተከፈተ ዕለት በሩ ድረስ ሄዳ አየችው፤ የምታኝከውን ቅጠል ቀይ ምራቅ ጥግ ላይ ተፍታ፣ «ልጅ የሚወለደው በወንበር ሰልፍ ነው እንዴ?» ብላ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ታችኛው ቤልታላ ክሊኒኩን ረሳው።

ፓኺ ግን አልተመቻትም።

«ወንድምዬ፣ ራሴን ይወጋኛል። እግሬ አብጦ ጫማ እምቢ ብሎኛል» አለችው አንድ ቀን ጀልባው ላይ።

«ለእማ አልነገርሻትም?»

«ነገርኳት። ‹የመጀመሪያ እርግዝና እንዲህ ነው፣ እኔም ዱላልን ሳረግዝ...› ብላ ስለ አንተ ጀመረች። ክሊኒክ ውሰደኝ።»

«አብደሻል? የማይሙና ልጅ ክሊኒክ ገባች ከተባለ እማ ሐይቅ ትገባለች።»

«እዚህ ጋ ሐይቁ ጉልበት አይደርስም።»

«እናትሽን አታውቂያትም? ቁጭ ብላ ትሰምጣለች።»

ቢሆንም ወሰዳት። ፓኺ ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ በጥቁር ተሸፍና፣ ዱላል እንደ ሌባ ግራ ቀኙን እያየ፣ በጓሮ በኩል ገቡ። ኮሂኑር ጠረጴዛው ላይ አቀርቅራ ነበር። ቀና ሳትል፣ «ባልየው እርስዎ ነዎት?» አለች።

ዱላል «ወንድሟ ነኝ» ሊል አፉን ከፈተ። ወንድሟ ነኝ ካለ ግን የማን ልጆች ናችሁ ይመጣል፤ የማን ልጆች ከመጣ ማይሙና ትመጣለች። ፓኺ ይህን በልቧ አስልታ በክርኗ ጎኑን ደቃችው። ልክ ያኔ ኮሂኑር ቀና አለች። ጠይም ናት፤ ዓይኖቿ ሰውን ሲያዩ የሚመዝኑ ይመስላሉ፤ መዝነው ሲጨርሱ ግን ይራራሉ። ዱላል የሚያውቀው ቃል በሙሉ ከአፉ ጠፋ። የቀረው አንድ ብቻ ነበር።

«አዎ» አለ።

ኮሂኑር ፊቷ በራ። «ሚስቱን በእጁ ይዞ የመጣ ባል ቤልታላ ውስጥ ሳይ የመጀመሪያዬ ነዎት! ማክሰኞ ማክሰኞ የባሎች ትምህርት አለን። ይመጣሉ አይደል?»

በዚያች ደቂቃ «ማክሰኞ እንገርፍዎታለን፣ ይመጣሉ?» ብትለውም ኖሮ ይመጣ ነበር።

ከዚያ የፓኺን ደም ግፊት ለካች፤ ፊቷ ከበራበት ወደ ሥራ ፊት ተመለሰ። ዱላልን ወደ ጎን ወሰደችው። «ይስሙኝ፣ ወንድሜ። ግፊቷ ከፍ ብሏል። መድኃኒቱን በየቀኑ ትውሰድ፣ በየሳምንቱ አምጡልኝ። ይህች ልጅ ቤት ውስጥ መውለድ የለባትም። ራስ ምታቱ ከባሰ፣ ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ ካለባት፣ ሳትጠይቁ ሳትመካከሩ ማዶ ሆስፒታል ይዛችኋት ሂዱ። ሰው የሚሞተው በምክክር ነው።»

የመጨረሻውን ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። ታላቅ እህቷ በምክክር ነው የሞተችው። ምጥ ላይ ሆና፣ አማቷ ባልየው ይምጣ ሲሉ፣ ባልየው አባቴ ይወስን ሲል፣ አባትየው ሶላት ልስገድና ሲሉ፣ ልጅቱም ልጇም አለፉ። ኮሂኑር ያኔ ከልጅነት ገና መውጣቷ ነበር። ይህን ሥራ የያዘችው ከዚያ በኋላ ነው። ስለ ጋብቻ የሚያወራትንም ሰው ከዚያ በኋላ ሰምታ አታውቅም።

«እምላለሁ፣ ኮሂኑር አፓ» አላት ዱላል። አፓ ማለት እህቴ ማለት ነው። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ እንደዚያ ቀን መሮት አያውቅም።

*

የባሎቹ ትምህርት ላይ የሚመጡት ወንዶች ጥቂት ነበሩ፤ እነሱም በሚስቶቻቸው ተገፍተው የመጡ። ፀጉር አስተካካዩ ኩዱስ ግድግዳ ተደግፎ ያንቀላፋል፤ የቀሩት ሞባይላቸውን ይነካካሉ። የመጀመሪያው ማክሰኞ ኮሂኑር በጨርቅ የተሰፋ፣ በአሸዋ የተሞላ፣ መታጠቂያ ያለው ትልቅ ከረጢት አመጣች።

«ይህ የሚስቶቻችሁ ሆድ ነው። ማን ይታጠቀዋል?»

ኩዱስ ወዲያው ነቃ፤ በሩን አየ። ሌሎቹም በሩን አዩ። ዱላል ብቻ እሷን እያየ ነበር፤ እጁም ሳያዘው ከፍ አለ።

ታጠቀው። ኮሂኑር የወለል መጥረጊያ ሰጠችው፤ ጎንበስ ብሎ ጠረገ። ባልዲ ሰጠችው፤ ከበሩ እስከ ቧንቧው ተመላለሰ። ይተኙ አለችው፤ ተኛ። ይነሱ ስትለው ግን አልቻለም። እንደ ተገለበጠ ኤሊ ሁለት እጁንና ሁለት እግሩን አየር ላይ ሲቀዝፍ ወንዶቹ በሳቅ ፈረሱ፤ ኮሂኑርም አፏን በሻሿ ሸፍና ሳቀች። ዱላል ከመሬት ሆኖ ያንን ሳቅ ሲሰማ፣ ዕድሜውን በሙሉ ወለል ላይ ተንጋሎ ቢቀር ግድ እንደማይኖረው አወቀ።

«አሁን ገባችሁ?» አለች፣ ራሷን ሰብስባ። «ሚስቶቻችሁ ይህን ለብሰው ነው ሩዛችሁን የሚቀቅሉት። ዱላል ወንድማችንን እዩ! ተማሩበት!»

ኩዱስ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ ዱላል ወንደላጤ መሆኑን አሳምሮ ያውቃል። ሲወጡ ጥግ ይዞት፣ «አንተ፣ ሚስትህ ስንት ወሯ ነው?» አለው፣ በዓይኑ እየሳቀ።

ዱላል ላብ አጠመቀው። «ኩዱስ ባይ፣ ወንድሜ፣ በናትህ...»

«ኧረ እኔ ምን አገባኝ! አንተ ከቀረህ አሸዋውን የምሸከመው እኔ ነኝ። ማክሰኞ እንዳትቀር ብቻ።» ሌሎቹንም አግባባ። ሁሉም ተማማሉ። ቤልታላ ውስጥ ምስጢር ጠብቆ የሚያውቅ የለም፤ ያንን ግን ወንዶቹ እንደ ነፍሳቸው ጠበቁት።

ዱላል አንድም ማክሰኞ አልቀረም። አሻንጉሊት አጠበ፣ ጡት የማጥባት ጥቅም በቃሉ ያዘ፣ እርጉዝ ሴት ጉበትና አረንጓዴ ቅጠል መብላት እንዳለባት ለተሳፋሪዎቹ ሳይቀር መስበክ ጀመረ። የላይኛው ቤልታላ ሴቶች ማታ ባሎቻቸውን፣ «ዱላልን አታይም? እሱም ወንድ ነው!» ይሏቸዋል። ወንዶቹ ትንሽ ትንሽ ባልዲ ማንሳት ጀመሩ፤ ሚስቶቻቸውን ለምርመራ ማድረስ ጀመሩ። አንዳንዶቹ ዱላልን ሊደበድቡት አስበው ነበር፤ አሸዋው ትዝ ሲላቸው ተዉት።

ኮሂኑር ግን ሌላ ጣጣ ውስጥ ገብታለች። ማክሰኞ ሲደርስ ጠዋት ሁለት ጊዜ መስታወት ታያለች። እሱ «ባለቤቴ ጨው ብታበዛ ይጎዳታል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ስለ ሌላ ሴት እንዲህ የሚጨነቅ ድምፅ መስማት ደስም ይላታል፣ ደረቷንም ይወጋታል። «የሰው ባል ነው፤ አስተውይ» ትላለች ለራሷ። ያልቻለችው ነገር ቢኖር ራሷን መስማት ነው። በመጨረሻ መፍትሔ ያለችውን አገኘች፤ ልታመናጭቀው ወሰነች።

«አፓ፣ ዛሬም አሸዋውን ልልበስ?»

«እርስዎ ሌላ ሥራ የለዎትም? ይቀመጡ።»

ዱላል ተቀመጠ፤ ልቡ ግን ተነስቶ ሄደ። ጠላችኝ አለ። ያን ዕለት ጀልባውን ሲቀዝፍ ማዶ አልፎ ሐይቁን ሊጨርስ ደረሰ፤ ተሳፋሪዎቹ ጮኸው መለሱት።

«ልንገራት» አላት ፓኺን።

«ልውለድና እንደ ፈለግክ ንገራት። አሁን ከነገርካት ወሬው በአንድ ጀንበር እማ ጆሮ ይገባል፤ ክሊኒኬ ይቀራል። ደግሞ ምን ብለህ ልትነግራት ነው? ‹ሚስቴ እህቴ ናት› ብለህ? ፖሊስ ትጠራለች።»

ለእህቱ ሲል የሚወዳትን ማጣት፣ ለሚወዳት ሲል እህቱን ማጣት፤ በሁለት ዳርቻ መሐል ሲመላለስ የኖረ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የትኛው ጋ እንደሚያቆም ጠፋው።

*

አርብ ነበር፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። ክሊኒኩ ተራ የምትጠብቅ አንዲት ታችኛው ሰፈር ዘመድ ያላት ሴት ለጎረቤቷ፣ «ጀልባ ቀዛፊው ዱላል ሊዳር ነው። የዓሣ ነጋዴው ልጅ ናት አሉ። ዛሬ አጎቶቿ ሊያዩት ቤቱ መጥተዋል» አለቻት።

ኮሂኑር የያዘችው የግፊት መለኪያ ከእጇ ወደቀ። «የትኛው ዱላል?»

«ቤልታላ ውስጥ ያለው አንድ ዱላል ነው፣ አፓ። ማክሰኞ ማክሰኞ የሚመጣው።»

ኮሂኑር የቀረውን ለመስማት አልቆየችም። ጃንጥላዋን እንኳ ረስታ በጭቃው ወረደች። መጀመሪያ ያለቀሰች መሰላት፤ ዝናቡ ስለነበር እርግጠኛ አልነበረችም። ግማሽ መንገድ ላይ ግን እንባው ወደ ቁጣ ተለወጠ። ያቺ ልጅ! ያቺ እግሯ ያበጠ፣ ቀን ተሌት ራሷን የሚወጋት ልጅ! ልትወልድ ቀናት ሲቀራት ጣውንት ሊያመጣባት! እኔም ሞኝ፣ ለሰፈሩ ወንድ ሁሉ ተማሩበት እላለሁ!

እየጠየቀች ደረሰች። በቀርከሃው መሸጋገሪያ ላይ ስትራመድ ቤቱ በሙሉ ተንቀጠቀጠ። በሩን በርግዳ ስትገባ፣ ሁለት ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ሽማግሌዎች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው፣ ያመጡት የጣፋጭ ሳጥን መሐል ላይ ተዘርግቶ፣ ማይሙና ኻላ በአዲስ ሳሪ ደምቃ፣ ዱላል ፀጉሩ በዘይት ተጣብቆ እንደ ታራጅ በግ ተቀምጦ አገኘቻቸው።

«አንተ!» አለች። እስከዚያ ቀን «እርስዎ» ትለው ነበር። «አንተ አላህን የማትፈራ! ከዚህ በላይ ምን ቀረህ? ሚስትህ ዘጠነኛ ወሯን ይዛ እያበጠች፣ ራሷን ደግፋ እየተኛች፣ በላይዋ ላይ ሌላ ልታመጣ?»

የመጀመሪያው ሽማግሌ ጣፋጩን አፉ ደጃፍ ላይ እንደያዘው ቀረ።

«ሚስት?» አለ።

«የምን ሚስት?» አለች ማይሙና ኻላ።

«የወለደ ነው ማለት ነው?» አለ ሁለተኛው።

«ኮሂኑር አፓ፣ አድምጭኝ...»

«አላደምጥም! እኔ ነኝ አንተን ሳደምጥ የከረምኩት! ‹ባለቤቴ ጨው ብታበዛ› እያልክ! ‹ባለቤቴ በግራ ጎኗ ብትተኛ› እያልክ! እኔ ደግሞ... እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ወንድ ለሌላ ሴት ብቻ ነው እንዴ የሚሰጠው እያልኩ...» አንደበቷ ያወጣውን ጆሮዋ ሲሰማ አፏን በእጇ ያዘች። ዱላልም ሰማ። ፊቱ ላይ የወጣው ብርሃን በዚያ ቤትና በዚያ ሰዓት ከቶ የማይገባ ነበር።

አጎቶቹ ተነሱ። አንደኛው የጣፋጩን ሳጥን ክዳን ገጥሞ ብብቱ ውስጥ ሸጎጠው። «እኛ ልጃችንን የምንሰጠው ለአንድ ሰው ነው፤ ለማኅበር አይደለም» ብሎ ወጣ።

ያኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሳቅ ተሰማ። ፓኺ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ እየሳቀች፣ እያነባች ብቅ አለች። «አፓ፣ ይቅር በይኝ... ጥፋቱ የኔ ነው... ወንድሜ ነው! የእናቴ ልጅ ነው!»

ኮሂኑር ፓኺን አየች፤ ዱላልን አየች፤ አፍንጫቸው አንድ ነው። ይህን አፍንጫ ስንት ሳምንት ሙሉ ጎን ለጎን አይታው ነበር! መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣት ደስ ባላት፤ ከስር ያለው ግን ሐይቅ ነው። ከሀፍረቷ ሥር ሌላ ነገር፣ ስም ልትሰጠው የማትደፍረው ነገር፣ ቀስ ብሎ ብቅ አለ።

ማይሙና ኻላ ግን አልሳቀችም። «ክሊኒክ?» አለች ቀስ ብላ። «የኔ ልጅ? ከእኔ ተደብቃ?»

ፓኺ ልትመልስ አፏን ከፈተች። «እማ... ዓይኔ ላይ... ብልጭ ብልጭ...» አለች። ከዚያ እጇ ግድግዳውን ፈልጎ አጣው፤ ወደቀች፤ ሰውነቷም መንቀጥቀጥ ጀመረ።

*

ኮሂኑር ከማንም ቀድማ ተንበረከከች። በግራ ጎኗ አዞረቻት፣ አንገቷን አቀናች፣ አጠገቧ ያለውን የሻይ ብርጭቆ አራቀች። «ሆስፒታል፣ አሁኑኑ» አለች። ከዚያ ቀና ብላ አሮጊቷን አየች። ይህ ነው ምክክሩ። እህቷን የገደለው ምክክር አሁን ይጀመራል።

ማይሙና ኻላ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ሁለት እጆቿን ወደ ፊቷ አንስታ እያየቻቸው ነበር። የቤልታላን ግማሽ የተቀበሉ እጆች ናቸው።

«ይህን አውቀዋለሁ» አለች። «አንድ ጊዜ አይቻለሁ። ያቺ ልጅ አልተነሳችም። ሥር ቀቀልኩላት፣ ቁርአን አስቀራሁላት፣ አልተነሳችም።» ወደ ኮሂኑር ዞረች። ድምፅዋ የማይሙና ኻላ ድምፅ አልነበረም፤ የአንዲት እናት ድምፅ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ልጄን እንዳላጣት ምን ላድርግ? ንገሪኝና ላድርግ።»

«ራሷን ይያዙልኝ፣ ኻላ። አፏ ውስጥ ምንም አይክተቱ። ዱላል...»

ዱላል ግን የለም። ጀልባውን ከቤቱ እግር ሥር ሊያስጠጋ ዘሎ ዝናቡ ውስጥ ገብቷል። ከሳምንታት በፊት በጀልባው ሆድ ውስጥ ጣውላ ደልድሎ፣ ላስቲክ ወጥሮ፣ ለዚህ ቀን አዘጋጅቶ ኖሯል። የተማረውን ሁሉ የተማረው ኮሂኑርን ለማየት ብቻ አልነበረም ለካ።

መንቀጥቀጡ ሲቆም በጨርቅ አድርገው አወረዷት። ዱላል ቀዘፈ። እንዲያ ሲቀዝፍ ያየ ሰው የለም። ማይሙና ኻላ የልጇን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ዝናቡን በሳሪዋ ጫፍ እየከለከለች፣ «ፓኺዬ፣ የኔ ወፍ፣ ቆዪልኝ፤ ክሊኒክ ሂጂ፣ ጨረቃ ላይ ሂጂ፣ ብቻ ቆዪልኝ» ትላለች። ኮሂኑር የፓኺን እጅ ይዛ ትንፋሿን ትከታተላለች፤ በሌላ እጇ ሆስፒታሉ ደውላ አምቡላንስ ማዶው ዳር እንዲጠብቅ አዘዘች። ስልኩን ስትዘጋ ዓይኗ ከዱላል ዓይን ጋር ተገናኘ። ዝናብና ላብ ፊቱ ላይ ተቀላቅሎ ይፈሳል።

«ፈራሁ» አላት።

«እኔም» አለችው። «አንተ ግን ቅዘፍ።»

ከዚያ በፊት ብዙ ተነጋግረው ነበር፤ አንዲት እውነተኛ ነገር የተባባሉት ግን ያኔ ነው።

*

ሆስፒታሉ በር ላይ ፓኺን ተቀብለው በሩጫ አስገቧት። ዘበኛው ግን ማይሙና ኻላን በእጁ አገዳት። «አስታማሚ ውጪ ይጠብቃል።»

«እኔ? ውጪ?»

«ሕጉ ነው፣ እናቴ...» አለና ፊቷን ትኩር ብሎ አየ። «ማይሙና ኻላ?»

«አንተ የሳኪና ልጅ አይደለህም? ስትወለድ በእግርህ የመጣህ? ግማሽ ቀን ያስለፋኸኝ?» አለች። «ያኔ እኔ እናትህን ‹ሕጉ ነው› ብያታለሁ?»

ዘበኛው ጆሮው ድረስ ቀልቶ በሩን ከፈተ።

ኮሂኑርና ዱላል ደረጃው ላይ ቀሩ። ጫማው ጠፍቷል፤ መዳፉ በመቅዘፊያው ተልጦ ይደማል። እሷ ከቦርሳዋ ፋሻ አውጥታ፣ እጁን ሳትጠይቀው ወስዳ፣ መጠቅለል ጀመረች።

«አንድ ቀን እንኳ ልትነግረኝ አልቻልክም?» አለች፣ ፋሻውን እያየች።

«ብነግርሽ እህቴ ምርመራዋ ይቀርባት ነበር። ደግሞም... ሚስት ከሌለኝ የባሎች ትምህርት እንዴት ልመጣ ነው?»

«ለእኔ ብለህ ነው አሸዋ የተሸከምከው?»

«መጀመሪያ ለአንቺ ነበር። በኋላ ለፓኺም ሆነ። ኋላማ ሆዱን ስለምደው ሳወልቀው ብርድ ብርድ ይለኝ ጀመር።»

ሳቋ አመለጣት፤ ሳቁን ተከትሎ ለቅሶ መጣ። «እህቴም እንዲህ የሚቀዝፍላት ቢኖራት» አለች፤ ለሰው ነግራ የማታውቀውን ያን ሁሉ ታሪክ ከሥሩ ነገረችው። እሱ አላጽናናትም፤ አልመከራትም። አዳመጣት ብቻ። ስትጨርስ እጁ አሁንም በእጇ ውስጥ እንዳለ፣ ፋሻው ካለቀም እንደቆየ ሁለቱም አስተዋሉ። ማናቸውም እጃቸውን አልሰበሰቡም።

«ኮሂኑር» አላት። አፓ አላለም። ስሟ ብቻውን እንዲህ የሚያምር አይመስላትም ነበር።

በሩ ተከፈተ። ማይሙና ኻላ ቆማለች፤ አዲሱ ሳሪዋ በጭቃና በውኃ ጨቅይቷል፤ ታቅፋ የያዘችው ጥቅል ውስጥ የሚያለቅስ ነገር አለ። ሁለቱም ዘለው ተነሱ።

«ፓኺስ?»

«ዓይኗን ገለጠች። መጀመሪያ የጠየቀችው ‹ጣፋጩን ወሰዱት?› ብላ ነው» አለች፤ ሳቋም እንባዋም ባንድ ላይ ወረደ። «መርፌ ወጓት፣ ግፊቱ ወረደ። ልጅቷን በቀዶ ሕክምና አወጧት። ዶክተሯ ‹ትንሽ እንኳ ምክክር ላይ ብትቆዩ ኖሮ ሁለቱም አይገኙም ነበር› አለችኝ። ልጅቷ ትንሽ ናት፤ ድምፅዋን ግን ስሙት፣ የኔ ነው።» ከዚያ ፊቷን ለማኮሳተር እየታገለች ወደ ኮሂኑር ዞረች። «አንቺ። ማክሰኞ እመጣለሁ።»

«ወዴት፣ ኻላ?»

«ክሊኒክሽ ነዋ! የታችኛው ሰፈር ሴቶች እኔ ሳልነዳቸው መች ይመጡልሻል? እነዳቸዋለሁ። ብቻ በር ላይ ወንበር ይቀመጥልኝ፤ መደገፊያ ያለው። ወገቤን ያመኛል።»

«ይቀመጣል።»

«ገና አልጨረስኩም። ዛሬ እነዚያ ሽማግሌዎች የዓሣ ገበያውን አቋርጠው እስኪያልፉ ድረስ ልጄ ድብቅ ሚስት አለው የሚለው ወሬ ዳካን ያዳርሳል። አሁን ለዚህ ልጅ ማን ሴት ይሰጠዋል?»

«እማ!» አለ ዱላል።

«አንተ ዝም በል፣ ለአንተ አልተናገርኩም። እሷን ነው የጠየቅኩት። አበላሽታዋለች፤ እንዴት ልታስተካክለው ነው?»

ኮሂኑር ፊቷ ጋለ። በሕይወቷ ስንት ባል ገስጻለች፣ ስንት አማት ተሟግታለች፤ አሁን ግን የሻሿን ጫፍ ጣቷ ላይ መጠቅለል ያዘች። ዱላል ሐይቁን ሲያቋርጥም እንዲህ አላላበውም።

«ሕዝቡ ሚስት አለው ካለ...» አለች በመጨረሻ፣ ዝግ ብላ፣ «ሕዝቡን ውሸታም ማድረግ ጥሩ አይደለም።»

ማይሙና ኻላ አንድ እርምጃ ቀረበችና ሕፃኗን ኮሂኑር እጅ ላይ አደረገችላት። ኮሂኑር ስንት ሕፃን መዝናለች፣ ስንት ሕፃን ከትባለች፤ ለመታቀፍ ብቻ የታቀፈችው ግን ይህችን ነበር። ትንሿ ሙቀት ደረቷ ላይ ተጣብቃ ዝም አለች። ቀና ስትል ዱላል እያያት ነበር። ዓይኗን አልሰበረችም።

«ሁለታችሁም ሕፃኗን እዩ እንጂ!» አለች ማይሙና ኻላ።

ማናቸውም አላዩም።